ከሌን የሚያወልቅ

ጥቁር ቀሚሴ ከገመድ ላይ የጠፋው ማክሰኞ ቀን ነው። ጠዋት አጥቤ አስጥቼው ወጣሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ነጠላዬና አንሶላዬ እንደተሰጡ አሉ፤ በመካከላቸው ቀሚሱ የነበረበት ቦታ ግን ባዶ ነው። ነፋስ ይሆናል ብዬ ከፓፓያው ሥርም ከአጥሩ ጥግም ፈለግሁ። የለም። ቀና ስል ሁለቱን መቆንጠጫዎች ገመዱ ላይ ጎን ለጎን ተሰክተው አየኋቸው። ነፋስ መቆንጠጫ ነቅሎ መልሶ አይሰካም። ሌባም ቢሆን አዲስ ነጠላ ትቶ ያረጀ ጥቁር ቀሚስ አይሰርቅም፤ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ማን ይለብስልኛል ብሎ?

አከራዬ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ማሾ ይለቅማሉ።

«እትዬ፣ ቀሚሴን አላዩም?»

«የቱን?»

«ጥቁሩን።»

«ኧረ የአንቺ የቱ ጥቁር ያልሆነ አለና!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ከሰፌዱ ሳያነሱ «ይገኛል ባክሽ፣ የት ይሄዳል» አሉ።

ማን ወሰደው አላሉም። ተነሥተው አብረውኝ አልፈለጉም። እኒህ ሴት አንድ ማንኪያ ጠፋ ሲባል እንኳ ሠፈሩን የሚያምሱ ናቸው። ይገኛል ብሎ ቁጭ የሚል ሰው ዕቃው የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነው ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

መጠራጠር የቆየ ሕመሜ ነው። የነፍስ አባቴ «አንቺ ልጅ፣ ከሥጋ ከመጾምሽ በፊት ከጥርጣሬ ጹሚ» ይሉኛል። እኔም እሺ እላለሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስወጣ ግን ጫማዬን የገለበጠው ማን ነው እያልሁ ዙሪያዬን አያለሁ። ሰው በሰው አገር ብቻውን ሲኖር ዓይኑም ጆሮውም ዘበኛ ይሆናል። እኔ ከዓባይ ማዶ፣ ከጎጃም ደጋ ነኝ። የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኜ ተመድቤ ወደዚህ ቆላ ስወርድ ለሁለት ዓመት ነበር ያሰብሁት። ሁለቱ ዓመት ስንት እንደሆነ አሁን መቁጠር ትቻለሁ። ከእነዚያ ዓመታት አብዛኛውን የኖርሁት በእኒሁ ሙስሊም ባልቴት ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው።

ስለ ቀሚሱ መናገር አለብኝ። ጥቁር የምለብሰው ለእናቴ ነው። እናቴ ያረፈች ዕለት ታላቅ ወንድሜ ደወለልኝ፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበርና መሄድ አልቻልሁም። ቀብሯን በስልክ ነው የሰማሁት። ወንድሜ ስልኩን ወደ ካህናቱ አስጠግቶ ይዞልኝ የፍትሐቱን ዜማ በየመካከሉ እየተቆራረጠ ሰማሁ፣ ከዚያ አካፋ፣ ከዚያ የሴቶቹን ለቅሶ፤ ከዚያ መስመሩ ጠፋ። ለአንድ ዓመት ከአራት ወር ከል ለበስሁ። ከሌም ሁለት ቀሚስ ነው፤ አንዱን ሳጥብ ሌላውን እለብሳለሁ።

በእኛ አገር ሐዘንተኛ ከሉን በገዛ እጁ አያወልቅም። ራሱ ካወለቀ ሟቹን የጠላ፣ ለመርሳት የቸኮለ ይባላል። ታላቅ የሆነ ሰው ይመጣል፤ አዲስ ልብስ ያመጣል፤ «በቃሽ» ይላል፤ ጥቁሩን ያወልቅና አዲሱን ያለብሳል። ስለዚህ እጠብቅ ነበር። ከሌን የሚያወልቀኝ ከእናቴ ቤት የመጣ ሰው ነው፣ አለዚያ እኔው ሄጄ ደጃፏ ላይ ነው ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። መንገዱ ይከፈታል ይባላል፣ ይዘጋል። ወንድሜ መጀመሪያ «እንመጣለን» ይል ነበር፤ ቆይቶ «ትመጫለሽ» ማለት ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ጭራሽ አያነሳውም። ይህም አንድ የጥርጣሬ ድንጋይ ሆኖ ልቤ ውስጥ ተቀምጧል።

ቆላ ላይ ጥቁር ልብስ ፀሐይን ይጠራታል። ከቤቴ ተነሥቼ ትምህርት ቤት እስክደርስ ጀርባዬ ይቃጠላል። የባጃጅ ሾፌሮቹ «እማሆይ፣ ይግቡ፣ በጸሎትዎ ያስቡን» እያሉ ይቀልዱብኛል። አከራዬ ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ያነሡታል።

«ይህ ሐዘን መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ሲያወልቁኝ ነዋ እትዬ።»

«እኛ ዘንድ ለባል ካልሆነ ከሦስት ቀን በላይ ማዘን ሐራም ነው። ለባልም አራት ወር ከዐሥር ቀን ነው፤ እኔ ራሴ ቆጥሬ ነው የወጣሁት። አላህ ወስኖልናል፣ አልሐምዱሊላህ። የናንተን ማን ነው የሚወስነው?»

ይህን ሲሉ ጥርጣሬዬ ይነሣል። ሃይማኖቴን ሊነኩ ይሆን? ወይስ በመስጊድ በኩል የሆነ ነገር ሊያወርዱብኝ? እንዲህ እያልሁ ማታ በጸሎት ላይ እንኳ ነገሩን አመላልሰው ነበር። እሳቸው ግን ይህን ብለው ወዲያው ስለ ሽንኩርት ማውራት ይጀምራሉ።

በዚያ ሰሞን ግቢያችን የሰርግ ግቢ ነበር። ማሾው ታጭዶ ሲገባ የመጨረሻዋ ልጃቸው ኒካሕ እንደሚታሰር ከታወቀ ቆይቷል። ግንበኞች መጥተው ዋናውን ቤት ለሰኑት፣ ቀቡት፤ ማድ ቤቱን ቀቡት፤ የአጥሩን በር ሳይቀር አረንጓዴ ቀቡት። የእኔን ክፍል አልነኩም። በሬ ድረስ መጡ፣ ባልዲያቸውን አነሡ፣ ሄዱ። የእኔ ግድግዳ በተቀባው ግቢ መካከል እንደ ቁስል ቅርፊት ቀረ። ሰርጉ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እንኳ አከራዬ «ሰርጌ ላይ እንዲህ ትሆኛለሽ፣ እንዲያ ታደርጊያለሽ» አላሉኝም። ስንት አዝመራ አብሬያቸው ኖሬ፣ ልጅቷን ፊደል ያስቆጠርሁ እኔ፣ አንድ ቃል አልተነገረኝም። እንግዲህ ሊያስወጡኝ ነው አልሁ። ከል የለበሰች ሴት ሙሽራ ፊት ስትንጎራደድ ገድ የለውም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፤ በእኛም አገር አይወደድም። ክፍሉን ልቀቂ ለማለት አፍረው ነው። ቀሚሱን የደበቁትም ነገሩ ይገባኝ ብለው ይሆናል።

ረቡዕ ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ፊኒሽ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጻፍሁ። ቀላል ቃል ነው፣ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። በአማርኛ ምን ማለት ነው ስል አርባ እጅ ወጣ።

«መጨረስ!»

«ቲቸር፣ ምግብ ጥርግ አድርጎ መብላት!»

«ነዳጅ ማለቅ!»

«ሩጫ ላይ ክሩ ያለበት ቦታ!»

«ሰውን መጨረስ፣ ማለት ድምጥማጡን ማጥፋት!» አለ አንዱ፣ ክፍሉም ሳቀ።

«ግድግዳ መለሰን፣ ቀለም መቀባት» አለች ከፊት የምትቀመጥ ልጅ። «ፊኒሺንግ ይባላል። አባቴ ነው የሚሠራው። የእርስዎ ግቢ ጨርሰዋል አይደል ቲቸር? አንዲት ክፍል ብቻ ቀረች አለ አባቴ።»

ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። ለካ ክፍሌ ለከተማው ወሬ ሆናለች። «ለምን እንደቀረች ነግሮሻል?» ልላት ፈለግሁና በልጅ አፍ ቤቴን መመርመር ነውር መስሎኝ ተውሁት። «ጎበዝ፣ ተቀመጪ» አልኋት።

ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ከቃሉ ሥር የእኛን ቃላት ደረደርሁ፤ ጨረሰ፣ አለቀ፣ ቆመ፣ አበቃ፣ በቃ፣ ተፈጸመ። እንግሊዞቹ በአንድ ቃል የሚሸፍኑትን እኛ በስንት ከፋፍለነዋል። እህል ያለቀበት ሰው ምንም አላደረገም፤ እህሉ ራሱ ነው ያለቀው። ሥራ የጨረሰ ሰው ግን በእጁ ነው የጨረሰው። በቃ የሚለውን ደግሞ ሌላ ሰው ሊለው ይችላል፤ ለልጅ እናቱ፣ ለተጣሉ ሽማግሌ። ይህን ለተማሪዎቹ ስናገር የለበስሁትን ጥቁር እጅጌ አየሁት፣ ጠመኔ ነጭ አድርጎታል። አራገፍሁት። ሐዘን ከነዚህ ከየትኛው ሥር እንደሚጻፍ ማንም አልጠየቀኝም።

ሐሙስ ሌላ ነገር አገኘሁ። የክፍሌ ሶኬት ተቃጥሎ ስለነበር ስልኬን በአከራዬ ቤት ቻርጅ አደርጋለሁ፤ ጠዋት ሰክቼ እሄዳለሁ፣ ከሰዓት እወስዳለሁ። ሐሙስ ለወንድሜ ልደውል ስል ከስሙ አጠገብ ሰኞ ጠዋት የተደወለ ጥሪ አየሁ። ዘጠኝ ደቂቃ። ሰኞ ጠዋት እኔ ትምህርት ቤት ነበርሁ። ሰውነቴ በረደ፤ በሸዋ ሮቢት ቀትር ሰውነት ሲበርድ ይታያችሁ። በእኔ ስልክ፣ እኔ በሌለሁበት፣ ወንድሜን ዘጠኝ ደቂቃ ያናገረው ማን ነው?

ለወንድሜ ደወልሁ። አላነሣም። ቆይቶ «ቅዳሴ ላይ ነኝ» የሚል መልእክት ላከ። ሐሙስ ከሰዓት ምን ቅዳሴ አለ? ጾም እንኳ አልነበረም።

ቅዳሜ ገበያ ወረድሁ። ከማሾ ተራ ወደ ጨርቅ ተራ ስሻገር ቀሚሴን አየሁት። ልብስ ሰፊው ሱቅ በር ላይ፣ ከመስቀያ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አንገቱ ላይ እኔው በነጭ ክር የጠገንሁት ስፌት እየታየ። ቆሜ ቀረሁ። ልብስ ሰፊው መለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ተነሣ፤ ሐዘኔ የጀመረ ጊዜ ሁለቱንም ጥቁር ቀሚሶች የሰፋልኝ እሱ ነው።

«ቲቸር! ይግቡ፣ ይግቡ። ምን ልታዘዝ?»

«ይህ ጥቁር የማን ነው?»

ቀሚሱን አየ፤ እኔን አየ፤ እንደገና ቀሚሱን አየ። «እሱማ... ለልክ የመጣ ነው።»

«ለማን ልክ?»

«ያረቢ! አደራ ተብያለሁ እኮ።» ራሱን አከከ። «እትዬ ለሰርጉ ነው ያሉት። ቁመቱን በዚህ፣ ወገቡን ግን ጠበብ አድርግ፣ ዘንድሮ ከስታለች አሉኝ። ይኸው ነው የማውቀው ወላሂ። አልነገርሁዎትም፣ አላዩኝም።»

«አላየሁህም» አልሁና ወጣሁ። ከጀርባዬ «ጨርቁን አላሳይዎትም፣ ያማረ ነው!» ሲል ሰማሁት።

ከገበያው እስከ ቤት በባጃጅ ሳይሆን በእግሬ ሄድሁ፣ ንዴቴ እንዲቆየኝ። ስደርስ አከራዬ ያችኑ ደጃቸው ላይ ናቸው፣ ያንኑ ማሾ ይለቅማሉ።

«እትዬ፣ ቀሚሴ ልብስ ሰፊው ዘንድ ተሰቅሏል።»

እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። «ያ ምላሱን ያዝ የማያደርግ!»

«አልነገረኝም፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። ለምን ወሰዱብኝ?»

«ለልክ። ልለካሽ ብልሽ ትቆሚልኝ ነበር?»

«ስልኬንስ?»

ማሾውን ትተው ሻሻቸውን አስተካከሉ። «እሱ ጥፋቴ ነው፣ ይቅር በይኝ። ቁጥሩን ያወጣችልኝ ልጄ ናት፤ እሷን እንዳትቆጪብኝ፣ ሙሽራ ናት።»

«ለወንድሜ ምን አሉት?»

«ምን እላለሁ! ከል የለበሰች እህት አለችህ፣ እኔ ደግሞ ሰርግ አለብኝ፣ ፍቀድልኝና ላውልቃት አልሁት።»

«እንግዲያ ለእኔ ብለው አይደለም። ለሰርግዎ ነው።»

«ለሰርጌ ነው! አልዋሽሽም። የሙሽራው ወገን ከካራቆሬ መጥቶ ግቢዬ ውስጥ ጥቁር የለበሰች ሴት ሲያይ ምን ይላል? ገድ ፈርቼ ነው። ደግሞ ለአንቺም ነው። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ማሰብ ክልክል ነው እንዴ? ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ የምታስቢው አንቺ ነሽ!»

«ክፍሉን ልቀቂ ቢሉኝ ይቀል ነበር።»

«ይቀል ነበር። ብዬሻለሁ?»

«ክፍሌንስ ለምን ሳያስቀቡት ቀሩ?»

«ሱብሐን አላህ፣ ይህችን ሴት!» እጃቸውን አጨበጨቡ። «የሐዘንተኛ ክፍል እንዴት አድርጌ ቀለም እቀባለሁ? መጀመሪያ አንቺን፣ ከዚያ ግድግዳሽን ብዬ ነዋ! ቀለሙ ይኸው ማድ ቤት ተቀምጧል፣ ሄደሽ ቆርቆሮውን እይ።»

አልሄድሁም። በኋላ ግን ብቻዬን ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ነበረ።

እዚህ ላይ ብንቆም ኖሮ ምናልባት እስቅ ነበር። አከራዬ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወንድምሽ ደግ ሰው ነው» አሉ። «ብቻ ደነገጠ። እስካሁን አላወለቀችም እንዴ አለኝ። እኔማ እነሱ ሲያወልቁ አንቺም አውቀሽ፣ በገዛ ፈቃድሽ የቆየሽ መስሎኝ...» አሉና ፊቴን ሲያዩ ሰፌዱን አነሡ።

እነሱ ሲያወልቁ።

ልክ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለወንድሜ ደወልሁ። በዚህ ጊዜ አነሣ።

«እህት ዓለም፣ ደኅና ነሽ? ሙቀቱ እንዴት ነው?»

«ወንድም ዓለም፣ ከል ለብሰሃል?»

ከጀርባው የላም ደወል ይሰማል፤ የእናቴ በረት ነው፣ ድምፁን አውቀዋለሁ።

«ለሙት ዓመቷ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሽማግሌዎቹ በቃችሁ አሉን። እሷ ሳትመጣ አይሆንም ብለን ተከራከርን። ታናሻችን አላወልቅም ብላ አለቀሰች። መንገዱ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም፣ ሐዘን ሲከርም ሌላ ሐዘን ይጠራል አሉ። አወለቅን።»

«ከዚያ ወዲህ አራት ወር ነው።»

«ልነግርሽ ስልኩን ባነሣሁ ቁጥር መጀመሪያ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ከዚያ ካርዱ ያልቃል።»

«አራት ወር ሙሉ ካርድ ያልቃል?»

«አፈርሁ። እኛ ነጭ ለብሰን አንቺ በዚያ ሐሩር... ምን ብዬ እጀምራለሁ? አንቺም በሰው በኩል ሰምተሽ ያወለቅሽ ሲመስለኝ ደስ አለኝ። ሴትዮዋ ሲደውሉ ነው ያወቅሁት። እንግዲህ ታላቅሽ እኔ ነኝ። በቃሽ፣ እህት ዓለም። ይኸው ብያለሁ። አውልቂው።»

«በስልክ?»

«ምን ላድርግ?»

«ቀብሯንም በስልክ ነው የሰማሁት። ይህን በስልክ አልቀበልም» አልሁና ዘጋሁበት። በታላቄ ላይ ስልክ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነበር። ያን ዕለት የማታ ጸሎቴን ስጀምር ሦስት ጊዜ ስቼ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርሁ።

የተናደድሁት በማን ላይ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። የሁላችን ሐዘን አንድ መስሎኝ ነበር፤ እኔ እዚህ፣ እነሱ እዚያ፣ በአንድ ጥቁር ውስጥ ያለን። ለካ እኔ ብቻዬን ነበርሁ። ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ እናቴን ስጠራ፣ እህትና ወንድሞቼም አሁን እንዲህ እየጠሯት ነው ብዬ የተጽናናሁባቸው እነዚያ እሑዶች ሁሉ ተመልሰው መጡብኝ። ማንም ግን አላታለለኝም። አፍረው ነው። በእኛ አገር ሰው ከመዋሸት ይልቅ ዝም ብሎ ያልፋል፤ ዝምታውም ከውሸት እኩል ይጎዳል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴን ከዛፉ ጥላ ሥር ጠብቄ ነገርኋቸው። ከዘመድ ወገን የሚመጣ እንደሌለ፣ አከራዬ ሊያወልቁኝ እንደሚፈልጉ፣ እሳቸውም ለሰርጋቸው ሲሉ እንደሆነ፣ አንድም ሳልደብቅ።

«መርዶው የመጣ ዕለት ድንኳን የተከለልሽ ማን ነው?» አሉኝ።

«እሳቸው ናቸው፣ አባቴ።»

«ከአንቺ ጋር መሬት የተቀመጠው?»

«እሳቸው ናቸው። ሦስት ቀን።»

እውነት ነው። ያን ዕለት ስልኩ ሲቋረጥ የጮህሁትን ጩኸት ሰምተው በባዶ እግራቸው የሮጡ እሳቸው ናቸው። ከዕድራቸው ድንኳን ያስመጡ፣ ሠፈርተኛውን የጠሩ፣ አንዴም አይተዋት የማያውቋትን እናቴን «የሰው አገር ልጅ እናት» እያሉ ያለቀሱላት እሳቸው ናቸው።

«እንግዲህ የለቅሶው ቤት የት ነበረ?» አሉ አባቴ።

«ሙስሊም ናቸው እኮ።»

«እኔ የጠየቅሁሽ የለቅሶውን ቤት ነው» አሉና መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ።

እያየኋቸው፣ አከራዬ ወደ እሳቸውም ቀድመው መጥተው ይሆን ብዬ ተጠራጠርሁ። እስከ ዛሬም አልጠየቅኋቸውም።

ሰርጉ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ከሰዓት በኋላ አከራዬ በሬን አንኳኩ። ሌላ ጊዜ አያንኳኩም፤ መጋረጃውን ገልጠው ነው የሚገቡት። ልጃቸው ከኋላቸው አዲሱን ልብስ ዘርግታ ይዛለች። ሰማያዊ ነው፣ ደረቱ ላይ ነጭ ጥልፍ አለው፤ ወገቡ በእውነት ጠበብ ብሏል።

«እንዴት ነው የሚባለው የእናንተ?» አሉኝ። «ሳላውቅ እንዳላበላሸው።»

«በቃሽ ነው የሚባለው።»

«ብቻ?»

«ብቻ።»

የአንገቴን ቁልፍ መፍታት ጀመሩ። ጣቶቻቸው በሽንኩርትና በማሾ የሻከሩ ናቸው፤ አንደኛዋ ቁልፍ አልፈታ አለች፣ እየታገሉ «ቢስሚላህ» አሉ። እኔም በልቤ አማተብሁ። ጥቁሩ ከትከሻዬ ወረደ። ያን ጊዜ ሁለቱን እጆቻቸውን ጉንጮቼ ላይ አድርገው ዓይን ዓይኔን እያዩ «በቃሽ፣ ልጄ» አሉኝ። ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የኖርሁት ቃል ነው። ከወንድሜ አፍ በስልክ ሲመጣ እንደ ጥፊ መትቶኝ ነበር። አሁን ግን አልጋው ላይ ተቀምጬ እናቴ የሞተች ዕለት እንኳ ያላለቀስሁትን ለቅሶ አለቀስሁ። እሳቸውም አጠገቤ ተቀምጠው አለቀሱ። ልጅቷም ልብሱን እንደያዘች አለቀሰች።

ቀድመው ዓይናቸውን የጠረጉት እሳቸው ናቸው። «በይ ተይ አሁን፣ እንባሽ እንዳይነካው፤ የሰርግ ልብስ ነው!»

በማግስቱ ግንበኛው መጥቶ ክፍሌን ቀባው። ሰርጉ ላይ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጥሁ። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ በክርስቲያን እጅ የታረደ፣ ድስቱ ለብቻ የተጣደ ወጥ ነበር። የካራቆሬዎቹ እንግዶች ማን እንደሆንሁ ሲጠይቁ አከራዬ «የልጄ አስተማሪ፣ የእኔም ልጅ» ሲሉ ሰማኋቸው። ሰማያዊው ልብስ ላይ ዓይናቸው ሲያርፍ ደስ ብሏቸው እንደነበር አይቻለሁ። ለእኔ ይሁን ለሰርጋቸው አልመረመርሁም፤ ማለት ትንሽ መርምሬ ተውሁት።

ሙሽራዋ በሄደች በሦስተኛው ቀን ግቢው ጭር ብሎ ሳለ አከራዬ ገመዱ ላይ የተሰጣውን ልብሴን እያዩ በሬ ላይ ቆሙ።

«ያወለቅሁሽን ጥቁር ለነዳይ ሰጥቼዋለሁ» አሉ። «ሁለት አልነበረም እንዴ? ልብስ ሰፊው ዘንድ የነበረውንም መልሶልሻል። ሌላው የታለ?»

ሌላው አልጋዬ ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል፣ እጥፉ መካከል ሳሙና አድርጌበት። መንገዱ ሲከፈት ይዤው እሄዳለሁ። በእናቴ ደጅ እለብሰውና ታላቄ፣ ስልኩን ኪሱ ከቶ፣ ቆሞ በእጁ ያወልቀኛል። ይህን ለአከራዬ ብነግራቸው ተጨማሪ ሐራም ይቆጥሩብኛል።

«ይገኛል እትዬ፣ የት ይሄዳል» አልኋቸው።

በጎን አዩኝ። አላመኑኝም።